ሦስት ወይስ ስምንት

መርከቧ የገባች ማክሰኞ ሌሊት ነው፣
ኪሊንዲኒን ወደብ ካፊያ ሲያረጥበው።
ሆዷ ሙሉ መኪና፤ ከዚያ ሁሉ መሃል
አንዷ ትንሽ ነጭ የኔ ናት ይባላል።
ይባላል እንጂማ፣ ግማሿ የማኅበር፣
ከቀሪው ግማሽ ላይ ሲሶው የባንክ ብድር፤
ቢቀር ቢቀር ለኔ የዝናብ መጥረጊያው፣
እሱም የቀኙ ነው፤ ለሚስቴ ነው ግራው።

ኪሊፊ ላይ ነው ቤቴ፤ ሒሳብ አስተምራለሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ቅሜያለሁ።
ደምሬ፣ ቀንሼ፣ ቀረጡን አስልቼ፣
የመጋዘን ኪራይ ለብቻ ለይቼ፣
ሁሉን በአንድ ደብተር ጽፌ ነው የመጣሁ፤
ከዚህ ውጭ ምን አለ ብዬ እየተኩራራሁ።

ማሱድ ነው ወኪሌ፤ ጉምሩክ አስፈጻሚ፣
ሁለት ስልክ ያለው፣ ሁለቱንም ሰሚ።
በአንዱ «እሺ» ይላል፣ በሌላው «ነገ ና»፤
ብብቱ ሥር አያጣም የሰው መኪና።
«ምዋሊሙ ንጉምባኦ፣» አለኝ በአምስተኛው ቀን፣
ጫማውን እያየ፣ ሳያይ የኔን ዓይን፤
«ወረቀቱ ሦስት ይላል፣ ብረቱ ስምንት፤
ሌላው ሁሉ ደኅና፣ አንዲት ቁጥር ናት።»

ሦስትና ስምንት! ግማሽ ቀለበት ናት የቀረች፣
ጃፓን አንዲት ጸሐፊ እጇን ስታሳርፍ የረሳች።
ምሳዋ ደርሶ ይሆን? ስልክ ጮኾባት?
ወይስ ዓርብ ነበረ፣ ባቡር ሊያመልጣት?
ያቺ ግማሽ ቀለበት ውቅያኖስ ቀዝፋ፣
ካቴና ሆነችኝ ሌላ ግማሽ ለጥፋ።

መስኮት ሰባት ብሄድ «የኛ አይደለም፤ ዘጠኝ»፣
ዘጠኝ «ሰባት ሳትሄድ?» ብሎ ገላመጠኝ።
ማኅተም ያለው የለም፤ ያለው ቀለም የለው፤
ቀለም ያለው ደግሞ ምሳ ላይ ነው ያለው።
ነጻ ቀናት አልቀው ኪራይ ሲጀመር፣
በሬስ ታስሮ ሲውል የሚግጠው ሣር፤
የኔዋ ግን ቆማ፣ ነዳጅ ሳትቀምስ፣
ደመወዜን ጋጠች እስከ ሰኔ ድረስ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወይዘሪት ቼፕኮኤች፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደ ዘውድ የሰቀለች፣
«ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አምጣልኝ» አለችኝ፣
«ፎቶ ይዋሻል» ብላ አሰናበተችኝ።

ግቢው ሺህ መኪና፣ ጨው የነካው መስታወት፣
ጌታውን ጠባቂ፣ እንደ ተማሪ በሰልፍ ሰዓት።
አገኘኋት። ከፈትኩ። ስስ ወረቀት ዘርግቼ፣
በእርሳስ ፈገፈግኩ፣ ሆዷ ላይ ተደፍቼ፤
ልጅ ሳለን ከሳንቲም ምስል እንደምናወጣ፣
ቁጥሩ ከነጭ ውስጥ አንድ በአንድ ወጣ፤
አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት... ከዚያም እሷ መጣች፤
ስምንት፣ ሁለት ሆድ ያላት፣ ጠግባ የተኛች።

ያኔ ነው ምቤዩ ትዝ ያለችኝ።
የኋላ ወንበር ላይ ጸጥ ያለች ልጅ፤
ሦስት ገጽ ስሌት፣ አንድ ስርዝ የሌለው እጅ፣
መጨረሻው መሥመር ላይ ስምንቷን ሦስት ብላ፤
ዜሮ አከናነብኳት፣ ቀሪውን ሳላሰላ።
«መንገዱስ፣ መምህር?» ስትለኝ፣ «መልሱ ነው» አልኳት፤
«ድልድይ የሚፈርሰው በአንድ ቁጥር ነው» ብዬ ሸኘኋት።
ልክ ነበርኩ፤ ልክ ነኝ። ግን በዚያ ጠራራ
ዞረብኝ ያ ዜሮ ከጭንቅላቴ ጋራ።

ማኅተሙ «ጧ» አለ። ሰሌዳ ተሰጠኝ፤
ማሱድ «ነገ» ሳይል ቁልፉን አቀበለኝ።
ሞተሩን ሳስነሣ፣ ከውስጥ አንዲት ሴት
በጃፓንኛ ተናገረች፣ በትሕትና፣ በፍጥነት።
ማሱድ ሳቀ፤ «ሁሉም እንዲህ ይላሉ» አለኝ፤
«ምን እንደሚሉ ግን እንጃ፣ ማን ነገረኝ?»
ይቅርታ ይሆናል፣ ስለ ግማሽ ቀለበት፤
ወይም ቀበቶ እሰር፤ ወይም ደኅና ግባ ከቤት።

«እሺ» አልኳት ሴትዮዋን። ኒያሊ ድልድይን ስሻገር
በቀስታ ነው የነዳሁ፤ ያሠላው ማን ይሆን፣ ስል ነበር።

የምቤዩ ወረቀት ቤት አለ፣ ከመሳቢያ፤
ሦስት ገጽ ነው፤ ዛሬ ማታ፣ ከመጀመሪያ።